ልጄ ኦቲዝም ይኖርበት ይሆን? በሕፃንነት የሚታዩ ምልክቶችን ማንበብ

የዘጠኝ ወር ሕፃን ስሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዞር ሳይል ሲቀር እናት መጀመሪያ ‹‹ጨዋታ ይዞት ነው›› ብላ ታልፈዋለች፤ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ግን ስልኳን አንሥታ መፈለግ ትጀምራለች። የሚያጋጥማት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው እጁን የሚያርገበግብ፣ የመጫወቻ መኪና ጎማ የሚያሽከረክር ወይም በእግሩ ጣቶች የሚራመድ ሕፃን እያሳየ ‹‹ይህን ካያችሁ ኦቲዝም ነው›› የሚል አጭር ቪዲዮ ነው፤ ሁለተኛው ‹‹ልጅ ሁሉ በራሱ ጊዜ ነው የሚያድገው፣ ዝም ብለሽ ነው የምትጨነቂው›› የሚል የዘመድ ማጽናኛ ነው። ቪዲዮው ምንም ያልሆነ ልጅ ያለበትን ቤት እንቅልፍ ይነሣል፤ ማጽናኛው ደግሞ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ዓመትና ሁለት ዓመት ያለ እርዳታ ያስቀምጣል። ወላጅ የሚያስፈልገው ምልክቶቹ በእርግጥ ምን እንደሚመስሉ፣ በየትኛው ዕድሜ ምን ትርጉም እንዳላቸውና ጥርጣሬ ሲኖር ወዴት እንደሚኬድ ማወቅ ነው።

ኦቲዝም ከውጭ የሚገባ በሽታ ሳይሆን አንጎል ገና ከማሕፀን ጀምሮ የሚያድግበት የተለየ መንገድ ነው። በሐኪሞች መመዘኛ ስሙ የሚሰጠው ሁለት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው፤ አንዱ ከሰው ጋር በመግባባትና ስሜትን በመለዋወጥ ረገድ የሚታይ የጎላ ልዩነት ሲሆን፣ ሌላው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ፣ በአንድ ነገር ብቻ መመሰጥ፣ ለውጥን አጥብቆ መጥላት፣ ወይም ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለልብስ ንክኪ ከመጠን ያለፈ ወይም ያነሰ ስሜት ማሳየት ነው። መጠኑ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል፤ ዕድሜ ልኩን ቃል የማያወጣ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚያስተምርም አለ። ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በባልቲሞር ያያቸውን 11 ልጆች ገልጾ ጽሑፉን ያወጣው በ1943 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ያመለክታል፤ በአሜሪካ በ2022 በተደረገ ክትትል ደግሞ ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ተለይቷል። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ቁጥሩ እየጨመረ የመጣው በአመዛኙ መመዘኛው ስለሰፋና ቀድሞ ‹‹ዘገምተኛ›› ወይም ‹‹ግትር›› ተብለው የሚታለፉ ልጆች አሁን ስለሚታወቁ ነው።

ቅብብሉን መመልከት

ወላጅ በዋናነት ሊመለከተው የሚገባው አንድ ነጠላ ድርጊት ሳይሆን በእርሱና በሕፃኑ መካከል ያለውን ቅብብል ነው። በሠርግ ቤት ጭፈራ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ጥቂት ቆይቶ ከተቀባዮቹ አንዱ ራሱ አውጪ ይሆናል። ሕፃንና አሳዳጊውም እንዲሁ ናቸው። በሁለት ወር ገደማ ሕፃኑ ፈገግ ላለለት ሰው ፈገግታ ይመልሳል፤ በአራት ወር አካባቢ ዞር ያለችውን እናቱን በድምፅ ይጠራል፤ በስድስት ወር እናቱ ‹‹አጉ›› ስትል እርሱም ‹‹አጉ›› ይላል፣ ዝም ስትል ይጠብቃል፣ ከዚያም ደግሞ ይጀምራል። በዘጠኝ ወር ፊቷን በነጠላ ሸፍና ‹‹ኩኩ!›› ስትለው ይፍለቀለቃል። በዓመቱ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጠላውን ከእጇ ነጥቆ ራሱ ፊቱ ላይ ያደርግና እስክትጠራው ይጠብቃል። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ፣ ማለትም ሕፃኑ ጨዋታውን ራሱ ማውጣት መጀመሩ፣ ስንት ጥርስ አወጣ ወይም መቼ ዳዴ አለ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ስለ ማኅበራዊ እድገቱ ብዙ ይናገራል።

ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ሲወለዱ ከሌላው የሚለዩበት ነገር አይታይም። አሚ ክሊንና ዋረን ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሕፃናት የሰው ፊት ሲያዩ ዐይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታትለው በ2013 ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ በኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰው ዐይን እንደ ሌሎቹ ያዩ ነበር፤ ትኩረታቸው ቀስ በቀስ መቀነስ የጀመረው በሁለትና በስድስት ወር መካከል ነው። ቅነሳው በመሣሪያ እንጂ በወላጅ ዐይን የሚለይ አይደለምና፣ ሕፃኑ ፊት ተቀምጦ ስንት ሰከንድ አየኝ ብሎ መቁጠር ከድካም በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። ጥናቱ ለወላጅ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ስላስረዳ ነው፤ ምልክቱ አንድ ቀን ድንገት የሚበራ ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየሳሳ የሚሄድ ቅብብል መሆኑን ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን በታየ ነገር፣ በተለይ ልጁ ታሞ ወይም እንቅልፍ አጥቶ በነበረበት ቀን በታየ ነገር፣ ምንም መደምደም አይቻልም።

ስለ ስም ጥሪ አንድ ነገር መባል አለበት። በየመጠይቁ ‹‹ልጁ ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ?›› የሚል ጥያቄ አለ፤ ነገር ግን በብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ቤቶች አንዱ ሕፃን ለእናቱ ማሙሽ፣ ለአባቱ ጎበዜ፣ ለአያቱ ደግሞ ራሷ ያወጣችለት ሌላ ስም ነው፣ የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው ክትባት የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሞከሪያው ልጁ በየቀኑ የሚሰማው አንድ ስም መሆን አለበት። ቴሌቪዥን ተዘግቶ፣ ልጁ ጠግቦና ነቅቶ ሳለ፣ ከኋላው ወይም ከጎኑ ሆኖ በተለመደ ድምፅ መጥራት፣ ጥቂት ቆይቶ መድገም፣ በሌላ ቀንም እንዲሁ ማድረግ ነው። ልጁ ለስሙ ሳይዞር የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ወይም የሚወደው ማስታወቂያ ሲጀምር ፈጥኖ የሚዞር ከሆነ ይህ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው፤ ሆኖም ‹‹ላስቲኩን ሰምቷልና ጆሮው ደህና ነው›› ማለት አይደለም፣ ከፊል የመስማት ችግር ያለበት ልጅ አንዳንድ ድምፆችን ሰምቶ የሰው ንግግርን ሊያጣ ይችላልና።

ከዓመት በኋላ ከሁሉም በላይ የሚናገረው ምልክት ጣት ነው። ሌባ ጣትን ቀስሮ ማሳየት ሁለት ዓይነት ሲሆን ብዙ ወላጅ ሁለቱን አይለያቸውም። አንዱ ለመጠየቅ ነው፤ ልጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጡጦ ይጠቁማል፣ ሲሰጡት ነገሩ አለቀ። ሌላው ለማካፈል ነው። እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ የአሥራ ስድስት ወር ልጅ አህያ ሲያልፍ አይቶ ‹‹እ!›› ብሎ ይጠቁማል፤ አህያውን እንዲሰጡት አይደለም፣ እናቱ እንድታይለት ነው፤ ስለዚህም አንገቱን አስግጎ በትከሻዋ በኩል ፊቷን ያያል፣ እርሷም ማየቷን ሲያረጋግጥ ወደ አህያው ይመለሳል። በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ልጁ ሌላ ሰው የራሱ ሐሳብ እንዳለውና ያንን ሐሳብ ወደሚፈልገው ነገር ማዞር እንደሚቻል ማወቁን አሳይቷል። አብዛኞቹ ልጆች በ15 ወር አካባቢ ለመጠየቅ፣ በ18 ወር አካባቢ ደግሞ ለማካፈል ይጠቁማሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለመጠየቅ ሊጠቁም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው። በጣት ከመጠቆም ይልቅ የእናቱን እጅ አንሥቶ የጠርሙሱ ክዳን ላይ የሚያስቀምጥ፣ ይህንንም ሲያደርግ ፊቷን ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ካለ ይህም ልብ የሚባል ነው።

በጊዜ ገደብ ስንናገር፣ በስድስት ወሩ ደስታን የሚገልጽ ፈገግታ የማያሳይ፣ በዘጠኝ ወሩ ድምፅና የፊት ገጽታ የማይመላለስ፣ በዓመቱ ‹‹ባባባ፣ ማማማ›› የማይል ወይም በእጁ ምንም ምልክት የማይሰጥ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ ከሰማው ያልቀዳውን ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ ሳይውል ሳያድር መታየት ይኖርበታል። ካለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ አስቀድሞ የመጣባቸው ወራት ይቀነሳሉ፤ በሁለት ወር የቀደመ የዘጠኝ ወር ሕፃን እንደ ሰባት ወር ነው የሚታየው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ምልክት ደግሞ አለ፤ በየትኛውም ዕድሜ የነበረ ነገር ሲጠፋ ነው። ‹‹እማ›› ይል የነበረ ልጅ ካቆመ፣ ቻው ይል የነበረው እጅ ከወረደ፣ ይስቅላቸው የነበሩትን ሰዎች ዝም ብሎ ማለፍ ከጀመረ ‹‹ሰነፈ›› ወይም ‹‹አኮረፈ›› ብሎ መጠበቅ አይገባም። ይህ ዓይነቱ ወደ ኋላ መመለስ በብዛት የሚታየው ከ15 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው።

አንዳንድ ወላጆችን የሚያሳስተው ደግሞ ልጁ ያለው ችሎታ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የእንግሊዝኛ ፊደላትን ከጫፍ ጫፍ የሚዘልቅ፣ እስከ ሃያ የሚቆጥር፣ የማስታወቂያ ዜማ ሳይሳሳት የሚደግም ልጅ ቤተሰቡን ያኮራል፤ እናቱ ግን ሰው በሌለበት ‹‹ይህን ሁሉ ይላል፣ እኔን እማዬ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም›› ትላለች። ቃል መያዝና ቃልን ለሰው መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሐኪሙ መስማት ያለበትም እናትየው ሰው በሌለበት የምትለውን ነው። ሌላው ሽፋን ጨዋነት ነው። የማያለቅስ፣ የማይጠይቅ፣ ካስቀመጡት ቦታ የማይነቃነቅ ሕፃን ‹‹ጨዋ ልጅ›› እየተባለ ይመሰገናል፣ ሴት ስትሆን ደግሞ ምስጋናው ይበዛል። ኦቲዝም በወንዶች ላይ ከሴቶች ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዘገባል፤ የልዩነቱ አንድ ክፍል ግን ዝምታቸው እንደ ባሕርይ ስለሚቆጠርላቸው ሴት ልጆች ሳይታወቁ ስለሚቀሩ ነው።

ብቻቸውን የማያስጨንቁ ነገሮች

ሕፃናት ሲደሰቱ እጃቸውን ያርገበግባሉ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ጭንቅላታቸውን ያወዛውዛሉ ወይም አልጋው ጠርዝ ላይ ያንኳኳሉ፣ መራመድ ሲጀምሩ በጣቶቻቸው ይሄዳሉ፣ ጎማ ማሽከርከር ይወዳሉ፣ የማያውቁትን እንግዳ አይተው እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይደበቃሉ። ቅብብሉ እስካለ ድረስ እነዚህ በአብዛኛው የእድገት መንገድ ላይ የሚታዩና የሚያልፉ ናቸው። በአንቀልባ ወይም በጀርባ መታዘልም የዐይን ግንኙነትን አያበላሽም። ንግግሩ የዘገየ ነገር ግን በጣቱ የሚጠቁም፣ ‹‹ጫማህን አምጣ›› ሲባል የሚያመጣ፣ ያገኘውን ሁሉ ይዞ መጥቶ የሚያሳይ ልጅ የንግግር እርዳታ ሊያስፈልገው ይችላል፣ ወደ ኦቲዝም ግን ብዙም አያመለክትም።

‹‹አባቱም በሦስት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው›› የሚለው የአያት ምስክርነት እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከማጽናኛነቱ በተጨማሪ መረጃም ነው፤ የንግግር መዘግየትም ሆነ ኦቲዝም በቤተሰብ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ አባትየው ዘግይቶ መናገሩ ለሐኪሙ መነገር ያለበት እንጂ ምርመራውን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም።

‹‹ከምን መጣ?›› የሚለው ጥያቄ

ከጥርጣሬው ቀጥሎ የሚመጣው ጸጸት ነው፤ ጸጸቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በእናት ላይ ነው። ይህ በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሃያ ዓመታት በላይ ኦቲዝም የሚመጣው ፍቅር ከነፈገች፣ ልቧ ከቀዘቀዘ እናት ነው እየተባለ ይነገር ነበር፤ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበረው ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ በ1964 መነሻው በአንጎል እድገት ውስጥ መሆኑን አስረድቶ ሐሳቡን ተቃወመ፣ ከዚያ በኋላም ንድፈ ሐሳቡ እየተተወ ሄደ። በአገራችን ተመሳሳዩ ወቀሳ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ቡዳ በላው፣ በእርግዝናዋ ደንግጣ ነበር፣ የወላጆቹ ኃጢአት ነው፣ እርግማን ነው ይባላል። ውጤቱ ልጁን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ማስገባት፣ ቤተሰቡንም ከማኅበርና ከለቅሶ ማራቅ ነው። ጸበል የሚሄድም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ቤተሰብ ከእምነቱ ጋር ምርመራውን አብሮ ማስኬድ ይችላል፤ ጉዳት የሚመጣው አንዱ ሌላውን ለወራት ሲያስጠብቅ፣ ወይም ሕፃኑ እንዲጦም፣ እንዲታሠር ወይም እንዲገረፍ ሲደረግ ነው፤ ይህን የሚፈቅድ እምነት የለም።

በእርግጥ የሚታወቀው የዘር ውርስ ትልቁን ድርሻ እንደሚይዝ ነው። ዴንማርክን፣ ፊንላንድን፣ ስዊድንን፣ እስራኤልንና ምዕራብ አውስትራሊያን የሸፈነና ሁለት ሚሊዮን ያህል ልጆችን ያካተተ የ2019 ጥናት የውርስን ድርሻ 80 በመቶ ገደማ አድርጎታል። አንድ ልጅ ኦቲዝም ካለበት ቀጥሎ የሚወለደው ታናሽ እንዲኖርበት ያለው ዕድል ከአምስት አንድ ያህል ነው፤ ስለዚህ ታናናሾች ምልክት ሳይጠበቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ክትትል ሊደረግላቸው ይገባል። የወላጆች ዕድሜ መግፋት፣ እጅግ ያለ ጊዜው መወለድና በእርግዝና ወቅት ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ቫልፕሮዬት የተባለ መድኃኒት ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን በራሷ ማቋረጥ አይኖርባትም፣ በሽታው ሲነሣባት ራሱ ለሕይወት አደገኛ ነውና፤ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን አማክራ ልታስቀይር ትችላለች።

የክትባቱን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ማለፍ አይቻልም፣ ወላጆች በየጊዜው ያነሡታልና። መነሻው እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ያወጣው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘ ነበር። በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፣ ጸሐፊውም በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በ2019 የወጣ የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን ተከታትሎ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የኦቲዝም ልዩነት አላገኘም። ታዲያ ‹‹ከክትባቱ በኋላ ነው የተለወጠብኝ›› የምትለው እናት ትዋሻለች ማለት ነውን? አይደለም፤ ያየችውን በትክክል አይታለች። በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወርና በ15 ወር ይሰጣል፣ በአሜሪካም ጥምሩ ክትባት ከ12 እስከ 15 ወር ባለው ጊዜ ይጀመራል። ንግግር የሚጠበቅበት፣ ጣት የሚቀሰርበት፣ የነበረ ቃል የሚጠፋበት ጊዜም ይኸው ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰሞን ይመጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያመጣውም፤ ባልተከተቡት ልጆችም ላይ ለውጡ በዚያው ዕድሜ ይታያል። ኩፍኝ በበኩሉ ሕፃን የሚገድል በሽታ ነው።

ከዚህ አነስ ባለ ቃል ሁለት ነገሮችን እናንሣ። እርጉዝ ሴት ለትኩሳት የምትወስደው ፓራሲታሞል በቅርቡ ብዙ ቢወራበትም፣ 2.5 ሚሊዮን ያህል ልጆችን ያካተተ የ2024 የስዊድን ጥናት ወንድማማችና እኅትማማችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር ግንኙነቱ አልተገኘም። ስልክና ቴሌቪዥንም ኦቲዝም አያመጡም፤ ነገር ግን ስክሪን የሕፃኑን ድምፅ አይቀበልም፣ ጠብቆም አይመልስም፣ ስለዚህ በዋለበት ሰዓት ልክ ከሰው ጋር የሚኖረው ቅብብል ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ምንም ስክሪን አይመከርም፣ ለሁለት ዓመት ልጅም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች የሚቀርብ አንድ ምክር ግን በግልጽ መታረም አለበት። ልጁ ንግግር ሲዘገይ ‹‹ሁለት ቋንቋ አደናገረው፣ አማርኛውን አቁሙለት›› የሚሉ መምህራንና አንዳንድ ሐኪሞች ዛሬም አሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፣ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆችም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ መስማቱ ንግግራቸውን እንደሚጎዳ አላሳዩም። ጉዳቱ ያለው በተቃራኒው ነው፤ በእንግሊዝኛ እሹሩሩ ማለት፣ ማባበልና መቀለድ የማትችል እናት አማርኛዋን ስታቆም በቤት ውስጥ የሚነገረው ራሱ ይቀንሳል። ቃል ሲቆጠርም በሁለቱ ቋንቋ ያለው ተደምሮ ነው፤ ‹‹ውሃ››ም የእንግሊዝኛው ‹‹ሞር››ም ቃል ናቸው።

ጥርጣሬ ሲኖር

ወላጅ በመጀመሪያ የሚያየውን ቢጽፍና በስልኩ አጫጭር ቪዲዮ ቢቀርጽ ይጠቅመዋል። ‹‹ልጄ አይግባባም›› ከማለት ይልቅ ‹‹ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስሙን ስንጠራው አልዞረም፣ ከዓመቱ በፊት ቻው ይል ነበር፣ አሁን አይልም›› ማለት ሐኪሙን በተለየ መንገድ ያንቀሳቅሰዋል። ሕፃን በሐኪም ክፍል ፈርቶ ወይም አልቅሶ የቤቱን ጠባይ አያሳይምና፣ ሲበላ፣ ሲጫወትና ሲጠራ የሚያሳይ የአንድ ሁለት ደቂቃ ምስል ብዙ ያስረዳል።

ከሁሉ በፊት የሚደረገው የጆሮ ምርመራ ነው። ልጁ ይሰማል ብሎ ቤተሰቡ ቢምልም እንኳ መለካት አለበት፤ በተደጋጋሚ የጆሮ ኢንፌክሽን ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ መልስ የማይሰጥ ሊመስል ይችላል፣ ይህ ደግሞ በአመዛኙ የሚታከም ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ይህን የሚመለከተው ከአንገት በላይ ሐኪም ነው።

ከዚያ የሚመጣው የማጣሪያ መጠይቅ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች ሁሉ፣ ምልክት ቢታይም ባይታይም፣ በ18ና በ24 ወር ለኦቲዝም እንዲጣሩ ይመክራል። በብዙ አገር የሚሠራበት ኤም-ቻት የተባለው መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን 20 የአዎና የአይደለም ጥያቄዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ክፍሉ ውስጥ ማዶ ያለ ነገር ሲጠቁሙለት ልጁ ያያል ወይ የሚል ነው። ከዜሮ እስከ 2 ነጥብ ዝቅተኛ ነው፣ ከ3 እስከ 7 ሲሆን ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፣ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ባለሙያ ይላካል። እዚህ ላይ ወላጆች የሚደነግጡበት ነገር አለ፤ ነጥቡ ፍርድ አይደለም። መጠይቁን በገመገመው የ2014 ጥናት ከመጠይቁም ከተጨማሪው ቃለ መጠይቅም በኋላ ሥጋት አለባቸው ተብለው ከተለዩት ልጆች ኦቲዝም የተገኘባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ ነገር ግን 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የእድገት መዘግየት ወይም ሥጋት ነበረባቸው። በዚህ መንገድ የተለየ ልጅ ኦቲዝም ባይኖርበትም አንድ ዓይነት እርዳታ የሚያስፈልገው የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው ማለት ነው። በአንጻሩ ይህ መጠይቅ ለስምንት ወር ሕፃን አልተሠራም፣ ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ ለእርሱ መሙላት ትርጉም የለሽ ነው።

የት ይኬዳል የሚለው እንደ አገሩ ነው። በኢትዮጵያ መነሻው ሕፃኑ የሚከተብበት ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ የጤና ባለሙያው ክብደትና ትኩሳት ለክቶ ሲጨርስ ወላጁ ራሱ ጥያቄውን ማንሣትና ሪፈር መጠየቅ ይኖርበታል፣ ሳይጠየቅ የሚነሣበት ጊዜ ጥቂት ነውና። በአዲስ አበባ የካቲት 12ና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናትና የታዳጊዎች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አላቸው። ኦቲዝም በአደባባይ እንዲነገር በር የከፈቱት ግን ሆስፒታሎች ሳይሆኑ ወላጆች ናቸው፤ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው በ2021 እስካረፉ ድረስ ልጆቹ ከየጓዳው እንዲወጡ ሲታገሉ ኖረዋል፣ በኋላም ነህምያን የመሰሉ ማዕከላት ተከትለዋል። በአሜሪካ ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወላጅ ኧርሊ ኢንተርቬንሽን ወደሚባለው የግዛቱ አገልግሎት ያለ ሐኪም ደብዳቤ ራሱ መደወል ይችላል፤ ግምገማው ነጻ ነው፣ በ45 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፣ በቤተሰቡ ቋንቋ እንዲካሄድም አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። እርዳታ ለመጀመር የኦቲዝም ስም አስቀድሞ መሰጠት የለበትም፣ መዘግየቱ ብቻ ይበቃል። በእስራኤል ደግሞ ሕፃናት የሚከተቡበት ጢፓት ሐላቭ የተባለው የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ ጥያቄውን ተቀብሎ ኩፓት ሆሊም በሚባለው የጤና መድን ድርጅት በኩል ወደ ሕፃናት እድገት ማዕከል ይልካል።

ሐኪሙ ‹‹እንጠብቅና እናያለን›› ካለ፣ ‹‹እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው? በዚያ ጊዜ ምን ካላየን ነው የምንመለሰው?›› ብሎ ቀኑን ማስጻፍ ተገቢ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ በሁለት ዓመት ላይ የሚሰጠው ምርመራ አስተማማኝ መሆኑ ይታወቃል፤ ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ እንኳ አብዛኞቹ ልጆች ስሙን የሚያገኙት አራት ዓመት ሲቃረቡ ነው። ያለፈው ጊዜ የባከነው ስሙ ስለዘገየ ሳይሆን እርዳታው ስሙን ስለጠበቀ ነው።

በቤት የሚደረገው ወዲያው ሊጀመር ይችላል፣ ልጁ ኦቲዝም ባይኖርበትም አይጎዳውም። መሬት ላይ ወርዶ ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ልጁ ራሱ የያዘውን ጨዋታ መከተል፣ ማንኪያ ቢያንኳኳ አብሮ ማንኳኳትና ማቆም፣ ከዚያ እንዲያይ መጠበቅ፣ የሚወደውን ነገር ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጦ በድምፅም ሆነ በእጅ እንዲጠይቅ ዕድል መስጠት፣ አጭር ቃል መጠቀም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በዘጠኝ የቡድን ስብሰባና በሦስት የቤት ጉብኝት የሚሰጠው በዋናነት ይህንኑ ነው፤ ኢትዮጵያም ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ናት። ኦቲዝምን የሚያድን ኪኒን የለም፤ ‹‹ያጥባል፣ ያወጣል›› እየተባለ የሚሸጠውን ነገር ማመን አይገባም፤ በተለይ በረኪና መሰል የሆነው ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ሕፃን የሚጎዳ መርዝ ነው።

ግምገማው ተደርጎ ‹‹አሁን ኦቲዝም አይታይበትም›› ከተባለ፣ ‹‹አሁን›› የምትለዋ ቃል መያዝ አለባት። የ14 ወር ልጅ ውጤት ለ14 ወር ነው፤ በ18ና በ24 ወር ማጣሪያው ይደገማል፣ ታላቁ ወይም ታላቋ ኦቲዝም ካለባቸው ደግሞ ከዚያም በኋላ ክትትሉ ይቀጥላል። በመካከሉ የነበረው ቃል ወይም የእጅ ምልክት ከጠፋ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠበቅም፣ በዚያው ሳምንት ይኬዳል።